ዘጠኝ ቫኪዩም ቤዝመንት ውስጥ

«ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ማታ ማታ ቢሮ አጸዳለሁ፣ ቀን ደግሞ ኡበር እነዳለሁ። አምና ሰፈራችን አንዲት አሮጊት ሞተው ልጆቻቸው ዕቃ ሲሸጡ አንድ የድሮ ኤሌክትሮሉክስ ቫኪዩም፣ ማለት አቧራ የሚስብ የኤሌክትሪክ መጥረጊያ፣ በ20 ዶላር ገዛሁ። ጎማ የለውም፤ በሁለት ብረት ላይ ነው የሚንሸራተተው። እናቴ ድሮ አዲስ አበባ ፈረንጅ ቤት ስትሠራ ‹እግሩ የሸርተቴ› እያለች የምታወራለትን ማሽን መሰለኝ። ከዚያ ወዲህ ማቆም አቃተኝ። አሁን ቤዝመንት ውስጥ ዘጠኝ ደርሰዋል። ባለቤቴ ልጆቻችን ፊት ‹ሰው ወርቅ ይሰበስባል፣ አንተ መጥረጊያ› ትለኛለች። እረፍቴ እሁድ ብቻ ስለሆነ፣ እሁድን ደግሞ እታች ስለማሳልፍ ተናዳብኛለች። ባለፈው ሳምንት አንዱን ስሰካው ሰማያዊ ብልጭታ አየሁ፤ ወዲያው ጨሰ። እንዴት አድርጌ ልጠግናቸው? አንዱን አሳምሬ ለእናቴ ልውሰድላት? የጽዳት ሥራዬን ትቼ በዚህ መኖር ይቻላል? ዘጠነኛው ደግሞ ድብልብል እንደ ኳስ ነው፤ ስሙ ተፍቋል። ምን ይሆን? ተ. ነኝ።»

ወንድሜ ተ.፣

ከሁሉ በፊት ያንን የጨሰውን ማሽን ዳግመኛ እንዳትሰካው። አሁኑኑ ወደ ቤዝመንት ውረድ፣ ገመዱን ጠቅልለው፣ «አይሰካ» ብለህ በወረቀት ጽፈህ ለጥፍበት። ቤት ውስጥ ልጆች አሉ። ከዚያ ተመለስና የቀረውን እናወራለን።

መጣህ? ጥሩ።

ባለቤትህ በቀልዷ ልክ ነች፤ በእርግጥም መጥረጊያ ነው የምትሰበስበው። ግን አንድ ነገር ንገራት። ዛሬ በየቤቱ ቆመን የምንገፋውን የኤሌክትሪክ ቫኪዩም የፈጠረው ሰው እንዳንተ ማታ ማታ የሚያጸዳ ሠራተኛ ነበር። ጄምስ መሪ ስፓንግለር ይባላል። ኦሃዮ ውስጥ ካንተን በምትባል ከተማ አንድ ትልቅ ሱቅ ያጸዳ ነበር። አስም ነበረበት፤ ምንጣፍ ሲጠርግ የሚነሳው አቧራ ትንፋሽ ያሳጣዋል። ስለዚህ የማራገቢያ ሞተር፣ የሳሙና ሳጥን፣ የመጥረጊያ እንጨትና የትራስ ጨርቅ አገጣጠመና አቧራውን ወደ ትራሱ የሚልክ ማሽን ሠራ። የፈጠራ መብቱን ያገኘው በ1908 ነው (ዓመቶቹን በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጽፍልህ)። መብቱን የገዛው ዊልያም ሁቨር የፈረስ ኮርቻና ልጓም የሚሠራ ሀብታም ነበር። መኪና እየበዛ፣ ፈረስ እየቀነሰ ሲሄድ ሌላ ሥራ ይፈልግ ነበርና የስፓንግለር ማሽን በጊዜው ደረሰለት። ሁቨርን ዓለም ያውቀዋል። ስፓንግለርን ግን እንዳንተ ዓይነቱ ሰብሳቢ ካላነሳው የሚያስታውሰው የለም።

ከእሱ በፊት በ1901 ለንደን ላይ ሂዩበርት ሴሲል ቡዝ የሚባል መሐንዲስ ነበር። የቡዝ ማሽን በፈረስ እየተጎተተ መጥቶ መንገድ ላይ ይቆማል፤ ረጃጅም ቱቦዎቹ በመስኮት ይገባሉ፤ ሠራተኞቹ ቤቱን አጽድተው ይሄዳሉ። በ1902 ንጉሥ ኤድዋርድ ሰባተኛ ዘውድ ሲደፋ የዌስትሚንስተር አቢን ምንጣፍ ያጸዱት እነሱ ናቸው። ሀብታሞች ይህን ለማየት እንግዳ ጠርተው ሻይ ይጋብዙ ነበር ይባላል። አንተን ማታ ሥራ ላይ ቆሞ የሚያይህ እንግዳ የለም እንጂ።

ያንተ ኤሌክትሮሉክስ በገለጽከው መልኩ በ1937 የወጣው «ሞዴል 30» ይመስለኛል። ስሙ ላይ ሦስት ኤክስ ተደርድሮ የሚታየው በሮማውያን ቁጥር ሠላሳ ስለሆነ ነው። የአሜሪካው ኤሌክትሮሉክስ ፋብሪካ ኮኔቲከት፣ ኦልድ ግሪንዊች ነበር። ቅርጹን ያወጣው ሉሬል ጊልድ የሚባል ዲዛይነር ነው። ዘመኑ ባቡሩም፣ አውቶቡሱም፣ ፍሪጁም ነፋስ ለመሰንጠቅ የተዘጋጀ እንዲመስል የሚደረግበት ነበር። ሳሎን ውስጥ የሚጎተት መጥረጊያ ምን ፍጥነት እንደሚያስፈልገው እንጃ! ውበቱ ግን የሚካድ አይደለም፤ ብሩክሊን ሙዚየም ከስብስቡ ውስጥ አንድ አለው። በ20 ዶላር ጥሩ ገዝተሃል።

አሁን ወደ ጭሱ እንሂድ።

ሰማያዊ ብልጭታ ብቻውን አያስደነግጥም። በእነዚህ ሞተሮች ውስጥ ሁለት ትንንሽ ካርቦኖች ከሚሽከረከረው መዳብ ጋር ይፋተጋሉ፤ ትንሽ ሰማያዊ ብልጭታ ሁልጊዜ ይኖራል። ብልጭታው ወፍሮ ቢጫ ሆኖ መዳቡን ዙሪያውን ከከበበው ግን ችግር አለ። ጭስ ደግሞ ሁሌም ችግር ነው። ምክንያቱ ከብዙ ነገር አንዱ ሊሆን ይችላል። የገመዱ ላስቲክ በዕድሜ ደርቆ ከጨርቁ ሥር ይፈረፈራል፤ ከላይ ሲያዩት ደህና ይመስላል፣ ውስጡ ግን ሁለቱ ሽቦዎች ሊነካኩ ምንም አልቀራቸውም። የኩሽኔታው ግራሶ እንደ ሰም ይደርቅና ሞተሩ ተጨንቆ ይሞቃል። ሞተሩ ላይ የተጠራቀመ ጸጉርና አቧራ ይቃጠላል። አንዳንዶቹ ላይ ደግሞ ሬዲዮ እንዳይረብሹ ተብሎ የተገጠመች፣ ኤሌክትሪክ ለአፍታ የምታጠራቅም ትንሽ ካፓሲተር አለች፤ እሷ ስታረጅ ጭሷም ሽታዋም ልዩ ነው።

ስለዚህ ደንቡ አንድ ነው፦ ከገበያ የመጣ አሮጌ ማሽን ተፈትቶ ሳይታይ አይሰካም። ሻጩ «ይሠራል፣ ልሰካልህ?» ቢልህም «አይ፣ ይቅር» በለው። እንደውም «አይሠራም» ተብሎ የሚሸጠው ይሻልሃል፤ ዋጋው ይቀንሳል፣ ለማንኛውም መፍታትህ አይቀርም።

ከመፍታትህ በፊት ከረጢቱን አስብ። ውስጡ ያለው አቧራ የማን ቤት፣ የየት ዘመን እንደሆነ አታውቅም። በእነዚያ ዓመታት አንዳንድ ቫኪዩሞች የብል ማጥፊያ ክሪስታል የሚገባበት፣ ቀለምና መድኃኒት የሚረጭ ተጨማሪ ዕቃ ሁሉ ይዘው ነበር የሚሸጡት። ስለዚህ ማሽኑን ውጭ አውጣው፣ ኤን 95 ማስክ አድርግ፣ ጓንት አድርግ፣ ከረጢቱን ሳታራግፍ በቀስታ ፕላስቲክ ውስጥ ክተተው። ወረቀት ከሆነ ይጣል። ጨርቅ ከሆነና ጽሑፉ ደስ ካለህ በቀዝቃዛ ውሃና በለስላሳ ሳሙና በእጅህ እጠበው። መጀመሪያ ግን ጥጉን አርጥበህ ቀለሙ መልቀቅ አለመልቀቁን እይ። ላውንደሪ ማሽን ውስጥ እንዳትከተው፤ ጥላ ሥር ይድረቅ። ሞተሩ አጠገብ ግራጫ፣ እንደ ወፍራም ወረቀት ወይም እንደ ጥጥ ያለ ነገር ካየህ ደግሞ አትፋቀው፣ አትንፋው። በዚያ ዘመን ለሙቀት መከላከያ አስቤስቶስ መጠቀም የተለመደ ነበር፤ ብናኙ ሲተነፍሱት ሳንባ ይጎዳል። እንዲህ ያለውን ማሽን ክፍቱን አትተወው፤ መልሰህ ዝጋውና ለዕይታ ብቻ አስቀምጠው።

ስትፈታ በየደረጃው በስልክህ ፎቶ አንሳ። ብሎኖቹን የእንቁላል ካርቶን ውስጥ በቅደም ተከተል አስቀምጣቸው። ካቻቢቴህ ከብሎኑ አፍ ጋር ልክክ ካላለ ጠምዝዤ አወጣለሁ ብለህ አትታገል። አፉ ከተበላ ሁለተኛ አይወጣም፤ የዚያ ዘመን ብሎን ደግሞ እንደልብ አይገኝም።

ገመዱን ሙሉ በሙሉ ቀይረው። በዚህ ላይ የሚከራከሩኝ ሰብሳቢዎች አሉ፤ «ኦርጅናሉን አትንካ» ይላሉ። ማሽኑ የሚሰካ ከሆነ ግን ገመዱ አዲስ ይሁን፤ ሌላ ቃል የለኝም። መደብር ስትሄድ ማሽኑ ላይ በተለጠፈችው የመረጃ ሳህን ላይ የተጻፈውን አምፒር ይዘህ ሂድና ያንን የሚችል ውፍረት ግዛ። አሮጌውን ገመድ አትጣለው፣ ስም ጽፈህበት አስቀምጥ። አንድ ቀን ማሽኑን የሚገዛህ ሰው ይጠይቅሃል።

ካርቦኖቹን ስታወጣ የግራና የቀኙን፣ የላይና የታቹን ምልክት አድርግ። ጫፋቸው ከመዳቡ ክብ ጋር ተስማምቶ ስለተበላ ካዟዟርካቸው ብልጭታው ይብሳል። በጣም ካጠሩ ይቀየሩ። ልኩ ከጠፋ ትንሽ ተለቅ ያለ ካርቦን በብርጭቆ ወረቀት ሞርዶ ማስተካከል ይቻላል። መዳቡን ደግሞ በጣም ደቃቅ በሆነ ብርጭቆ ወረቀት ቀስ ብለህ ጥረገው፤ በመሀል በመሀሉ ያሉትን ክፍተቶች በእንጨት ጥርስ መፋቂያ አጽዳ። የብረት ሱፍ እንዳትጠቀም፤ ፍርፋሪው ክፍተቱ ውስጥ ገብቶ ኤሌክትሪኩን ያገናኘዋል። ኩሽኔታው ባለ ድቡልቡል ከሆነ ቁጥሩ ጎኑ ላይ ተጽፏል፤ ያንኑ ቁጥር አዝዘህ ቀይረው። የነሐስ ቀለበት ከሆነ ቀጭን የማሽን ዘይት ጥቂት ጠብታ ይበቃዋል። የምግብ ዘይት የሚያደርጉ አሉ፤ ኋላ ሙጫ ይሆንባቸዋል።

መልሰህ ከገጠምክ በኋላም ወዲያው አትስካ። ማብሪያውን «ኦን» አድርገህ ቴስተርህን ከፍተኛው ኦም ላይ አድርግ። አንዱን ጫፍ የስፒናው እግር ላይ፣ ሌላውን የማሽኑ ብረት ላይ አድርግ። ምንም ማንበብ የለበትም። ሁለቱንም እግሮች እንዲህ ሞክር። የሚያነብ ከሆነ ኤሌክትሪኩ ወደ ገላው እያመለጠ ነውና በቃ፣ አይሰካም። ባያነብም ቫኪዩም የሚጠግን ሱቅ ወስደህ በከፍተኛ ቮልት ቢፈትሹልህ ይመረጣል፤ ተራ ቴስተር የማያየውን ያሳያል። የመጀመሪያውን ሙከራ ደግሞ ባኞ ቤትና ኩሽና ባለው፣ «ቴስት» እና «ሪሴት» የሚል ቁልፍ ባለው ሶኬት ላይ አድርግ። እነዚህ ማሽኖች የመሬት መስመር የላቸውም፣ ገላቸው ደግሞ ብረት ነው። ያ ሶኬት ትንሽ እንኳ ኤሌክትሪክ በሰው በኩል ካመለጠ በቅጽበት ይቆርጣል።

አሁን አንተን በጣም ወደሚያጓጓህ ነገር እንምጣ፤ ማብረቅረቅ። እዚህ ላይ ላስከፋህ ነው።

ሁሉን አታብረቅርቅ። ኢንተርኔት ላይ እንደ መስታወት የሚያበሩ ቫኪዩሞች አይተህ እንደቀናህ ይገባኛል። አንዳንዱ ይገባዋል። ለምሳሌ ከርቢ የሚባለው የአሜሪካ ቫኪዩም፣ የ1950ዎቹና የ60ዎቹ፣ ገላው የአሉሚኒየም ቅልጥ ነው። ባለ 400 ብርጭቆ ወረቀት ይዘህ ጀምር፣ እየረጠበ እስከ 2000 ድረስ ቀስ በቀስ እያለሰለስክ ሂድ፣ ከዚያ በማብረቂያ ቅባት ጨርሰው። ጥሩ ይወጣል፣ ገበያም አለው። ከርቢ ለጀማሪም ጥሩ ነው፤ ቺንጋውም ከረጢቱም ዛሬ ድረስ ይሸጣል። ኒኬል ወይም ክሮም የተቀባውን ግን በብርጭቆ ወረቀት ከነካኸው ቅቡን ልጠህ ጣልከው ማለት ነው። ባለ 1936ቱን ሁቨር 150፣ ዲዛይነሩ ሄንሪ ድሬፉስ ቅርጹን ያወጣለትን ካገኘህ ደግሞ ተጠንቀቅ። ቀለል እንዲል ማግኒዚየም ገብቶበታል፤ የማግኒዚየም ብናኝ እሳት ይይዛል። በመፍጫ ማሽን እንዳትነካው። ቤክላይት ከሚባለው የድሮ ፕላስቲክ የተሠራውንም ጥቁር ክዳን በደረቁ አትሞርደው፤ ብናኙ ለሳንባ አይሆንም። በለስላሳ ጨርቅ ወልውለው፣ ይበቃዋል።

የአሮጊቷን ኤሌክትሮሉክስ ግን ከነጭረቱ ተወው ነው የምልህ። አፍንጫው ላይ ያለው ግጭት ከአንድ ወንበር ጋር የተጋጨበት ነው። እጀታው የተፋቀው እሳቸው በያዙበት በኩል ነው። ይህን ሁሉ ሞርደህ አዲስ ካደረግከው ከካታሎግ የወጣ ዕቃ ይሆናል፤ እንደዚያ ያለውን ሌላ ሰውም ሊሠራው ይችላል። ውስጡ አዲስ ይሁን፣ ውጪው ዕድሜውን ይናገር። ቆዳ መሰሉን ልባስ በትንሽ ሳሙና ባረጠብከው ጨርቅ ጥረገው። አልኮልና ቤንዚን አታስነካው።

እንደ እኔ ከሆነ ከዘጠኙ ሁለቱን ወይም ሦስቱን የሚሠሩ አድርግ። ሁለቱን እንዳሉ ለዕይታ ተዋቸው፤ ገመዳቸውን አውጣ፣ ልጅ እንዳይሰካቸው። ቀሪዎቹን ሽጥ ወይም ለዕቃ መለዋወጫ ፍታቸው። እንዲህ ስልህ ደረትህ ላይ ትንሽ ውጋት ከተሰማህ እውነተኛ ሰብሳቢ ሆነሃል ማለት ነው፤ ያንን ደግሞ እኔ አላድንህም።

ስለ ባለቤትህ ስታወራ አንድ ነገር ጠቅሰህ አለፍክ፤ እኔ ግን እሱ ላይ ቆሜ ቀረሁ። «እረፍቴ እሁድ ብቻ ነው፣ እሁድን እታች አሳልፋለሁ» ብለሃል። ወንድሜ፣ ሚስትህ በዘጠኙ ማሽን የተናደደች አይመስለኝም። ቤት የያዘ ዕቃ ያናድዳል፣ እውነት ነው፤ ግን ቤዝመንት ነው። ሳምንቱን ሙሉ ማታ ሥራ፣ ቀን መንገድ ላይ የሆነ ባል እሁድ ደግሞ መሬት ሥር ሲገባ ነው ነገሩ የከፋው። ቤተ ክርስቲያን ደርሳችሁ ስትመለሱ ቡና ተፈልቶ፣ ልጆቹ ተሰብስበው፣ አንተ የለህም። ከታች «ዝዝዝ» የሚል ድምፅ ብቻ ይሰማል። ማንም ይከፋዋል።

እና ምን ላድርግ ካልከኝ፣ ማሽኑን ሳይሆን ሰዓቱን ቀይር። ከሥራ ገብተህ እንቅልፍ እስኪወስድህ ድረስ የምትቆይባት ጊዜ አለች፤ ማታ የሚሠራ ሰው ሁሉ ያውቃታል። ያቺ ላንተና ለካቻቢቴህ ትሁን። ያኔ ሞተር አታስነሳም፣ ቤቱ ተኝቷል፤ መፍታትና ማጽዳት ግን ድምፅ የለውም። እሁድ ቤዝመንቱ ይቆለፍ። ካስፈለገ ቁልፉን ለእሷ ስጣት፤ እየቀለድኩ አይደለም።

ሌላው፣ ያልጸዳ ማሽን ቤት አይግባ። ጋራዥ ወይም በረንዳ ላይ ከረጢቱ ይውጣ፣ ይጠረግ፣ ከዚያ ይግባ። ልጆችህ አጠገብ የሰው ቤት የድሮ አቧራ ማምጣት ከእሷ ጎን ሆነህ ስታስበው ትክክል አይደለም። ቁጥሩንም አብራችሁ ወስኑ። «አንድ ሊገባ ከሆነ አንድ ይውጣ» የምትለዋን ሕግ አንተው ራስህ ብታቀርባት ጭቅጭቁ በግማሽ ይቀንሳል። ለእሷም አንድ ምረጥላት አልልህም፤ ካልወደደችው አትወደውም። ሳሎኑን የምታጸዳበት ዘመናዊው ቫኪዩም ብሩሹ በጸጉር ተጠቅልሎ መዞር አቁሞ እንደሆነ ግን እይላት። ቫኪዩም የሚጠግን ባል ያላት ሴት በማይስብ ቫኪዩም ስትጠርግ መቼም ታስቃለች።

ሥራህን መተው? አትተው። አጭር መልሴ ይኸው ነው። የድሮ ቫኪዩም ገዢው ጥቂት ነው፤ ዕቃው ከባድ ስለሆነ የመላኪያው ዋጋ ትርፉን ይበላዋል። በብዛት የተሠራ ማሽን ደግሞ አሮጌ ስለሆነ ብቻ አይወደድም። የምታወጣውን ሰዓት ካሰብከው ኡበሩ ይሻልሃል። ገንዘብ ያለው ሌላ ቦታ ነው፤ ያውም አጠገብህ። አንተና ጓደኞችህ ማታ ማታ የምትገፏቸው የሥራ ማሽኖች ቺንጋቸው ይበጠሳል፣ ገመዳቸው በር ይነክሰዋል፣ ብሩሻቸው ያልቃል። ትንንሾቹ የጽዳት ድርጅቶች የሚጠግንላቸው ሲያጡ ጥለው አዲስ ይገዛሉ። አንዳንዶቹን ድርጅቶች የሚያንቀሳቅሱትም የእኛው ልጆች ናቸው። በዚህ ጀምር፣ ለሁለት ሦስት ድርጅት ጠግንላቸው። ገቢው መደበኛ ከሆነ ካውንቲው የሚጠይቀውን ፈቃድ አውጣ፣ ኢንሹራንስም ያዝ፤ የጠገንከው ማሽን የሰው ቢሮ ውስጥ ነው የሚሰካው። የ1937ቱ ኤሌክትሮሉክስ እንጀራ አይሆንህም። እሱን ስትፈታ የተማርከው እጅ ግን ይሆንሃል።

የእናትህ ነገር ደስ ብሎኛል፤ ግን የሜሪላንዱን ማሽን አትውሰድላት። የተሠራው ለ120 ቮልት ነው፣ አዲስ አበባ 220 ነው። እንዳለ ከተሰካ ሞተሩ እየጮኸ ፍጥነቱ ይተኮሳል፣ ካርቦኑ ይነድዳል፣ ማራገቢያው ሊበተን ይችላል። ትራንስፎርመር አብሬ እልካለሁ ትል ይሆናል። ስሌቱ ቀላል ነው፤ ሳህኑ ላይ 4 አምፒር የሚል ከሆነ በ120 ስታባዛው 480 ዋት ይመጣል፣ አንተ የ1000 ዋት ትገዛለህ። ግን ትራንስፎርመሩን አንድ ቀን ሰው ያነሳዋል። ስልክ ቻርጅ ሊያደርግ፣ ቦታ ሊያስለቅቅ፣ ብቻ ያነሳዋል፤ ቫኪዩሙም በቀጥታ ይሰካል። ለዓመት በዓል ቤት ሊያጸዳ የመጣ ልጅ የብረት ማሽን እንደያዘ አስበው።

ይልቅ ደውልላትና እነዚያ ሰዎች ከየት አገር እንደነበሩ ጠይቃት። በጃንሆይ ዘመን ስዊድናውያን አገራችን ውስጥ ብዙ ነበሩ፤ ደብረ ዘይት አየር ኃይሉ ዘንድ፣ ሕንፃ ኮሌጁ ዘንድ፣ በሚሲዮን ትምህርት ቤቶች። ኤሌክትሮሉክስ ደግሞ ከመሠረቱ የስዊድን ኩባንያ ነው፤ ባለ ሸርተቴውን ቫኪዩም ከ1921 ጀምሮ ሲሠሩ ኖረዋል። እናትህ የምታውቀው ማሽን ከኮኔቲከት ሳይሆን ከስዊድን የመጣ ሊሆን ይችላል፤ መልኩም ቀለሙም ካንተው ይለያል። ምን ቀለም ነበር? ቱቦው በየት በኩል ነበር? ሲነሳ ምን ዓይነት ድምፅ ነበረው? እሷ ታስታውሳለች፤ በየቀኑ የጎተተችው ዕቃ ነው። ከዚያ ስዊድን ወይም ሆላንድ ያለ ዘመድ ካለህ አሮጌ ዕቃ መሸጫ ላይ እንዲፈልግልህ አድርግ። ሳህኑ ላይ 220 የሚል መሆኑን አስረግጠህ ጠይቅ፤ የድሮዎቹ ውስጥ 110ም 127ም ስላሉ አውሮፓ ተገዛ ማለት ብቻ አይበቃም። ገመዱንና ካርቦኑን እዚያው ወይም አንተው ጋ አስቀይረህ ልትልክላት ትችላለህ። እንደዚያም ሆኖ ለየቀኑ ጽዳት አዲስ ይገዛላት፤ አሮጌው ለወሬ ይቀመጥ። ማሽኑን ከማግኘትህ በፊት ግን ስትናገር ቅዳት። ያንተ ፍላጎት የመጣው ከወሬዋ ነው፣ ወሬው ደግሞ እስካሁን የተቀዳ አይመስለኝም።

የቀረችው ኳሷ ናት። ድብልብል ከሆነ፣ መሀል ለመሀል ለሁለት የሚከፈት ከሆነ፣ ጎማም ከሌለው የሁቨር ኮንስቴሌሽን ነው ብዬ እገምታለሁ። በ1950ዎቹ አጋማሽ ነው የወጣው። ብዙዎቹ የሚያወጡትን አየር ወደ ታች ስለሚነፉት ከወለሉ ትንሽ ብድግ ብለው በአየር ላይ ይንሸራተታሉ። ወፍራም ምንጣፍ ላይ አይሆንላቸውም፤ ሴራሚክ ወይም የተወለወለ እንጨት ይፈልጋሉ። ማጣሪያው በአቧራ ከተዘጋ አየሩ ስለሚያንስ አይነሳም፤ ስለዚህ ሞተሩ እየሠራ ካልተንሳፈፈ መጀመሪያ ማጣሪያውንና ከረጢቱን እይ። ቱቦው ከጎኑ ተቀድዶ እንደሆነም ፈትሽ፤ ሲሳብ የሚለጠጥ ስለሆነ በብዙዎቹ ላይ መጀመሪያ የሚያልቀው እሱ ነው። ይህኛውን ቶሎ ጠግነው፤ ገመዱን ቀይረህ፣ በቴስተር አይተህ፣ በዚያ ባለ ቁልፍ ሶኬት ሞክረህ ስትጨርስ ኩሽና ወለል ላይ አውጣው። ለልጆቹ እሁድ ከሰዓት ልታሳያቸው የምትችለው እሱን ነው፤ ያኔ ቤዝመንቱን እናታቸው ራሷ ትከፍትልሃለች። ጭሱ ከየትኛው ማሽን እንደወጣ ግን ደብዳቤህ ላይ አልነገርከኝም። ይህኛው ከሆነ ለልጆቹ ከማሳየትህ በፊት ሱቅ ይታይ።